የሠርካዲስ ሙክት

ልደታ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ስኳሩን ማንም አልሸሸገውም፤ የለም እንጂ። የሌለ ነገር ምኑ ይሸሸጋል? ትናንት ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ነጋዴ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮታል ትላለች። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ደሞ የለም፣ መርከብ ላይ እንዳለ ወደ መጣበት ይመልሱታል፣ ሕዝቡ ሲመረው መንግሥት እንዲገለብጥ ነው ይላል። ዞር አልኩና፣ «ወንድሜ፣ እኔ ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ ይኸው ስድስት ወሬ ነው፤ እስካሁን ማንንም አልገለበጥኩም» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። አምሳሉ ግን አልሳቀም። አምሳሉን ታውቂዋለሽ፤ ጠብመንጃው ከእሱ የሚረዝመው የቀበሌው ጥበቃ።

እንዳለችዬ፣ ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ንዴቱ ቀደመኝ። እንዴት ነሽ? ጎሬ ዝናቡ ጀመረ ወይ? ተማሪዎችሽስ ያዳምጡሻል? ጉልበቴን ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ይጮኻል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አፌን እንድይዝ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ ይህ አፍ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ነው፤ አሁን ጡረታ ውጣ ብለው አይሰማኝም።

ሊቀመንበራችን ሀብተ ማርያም እሑድ ሰብስቦን ነበር። የጌጃ ሰፈሩ ሀብቴ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ሀ ሁን ያስቆጠረኝ ልጅ፣ ዛሬ ጓድ ሊቀመንበር ነው። ጤፉም ሳሙናውም ዘይቱም የጠፋው በአሻጥር ነው አለ። አሻጥረኛው ከመካከላችን ነው፣ ዓይናችሁን ክፈቱ አለ። እኔ ዓይኔን ከፍቼ ያየሁት ሠርካዲስን ነው፤ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት። መቼም ያቺ ጎረቤቴ አትለወጥም። ግድግዳችን አንድ አይደል፣ በቀደም ሌሊት ስታስነጥስ አልጋዬ ላይ ሆኜ «ይማርሽ» አልኳት፤ «ያኑርዎት» ብላኝ ተኛች።

ለግንቦት ልደታ ንፍሮ እህል መሰብሰብ ጀምረናል። ዘንድሮስ ይቅር ያሉ ነበሩ። አይቀርም አልኩ። ልደታ ተቀምጠን የልደታን ቀን በር ዘግተን ልንውል ነው? ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ነው የሚበላው፤ እንዲህ ነው ያገኘነው። እፍኝም ይሁን፣ ካለው ቤት ያለው ይምጣ። አሥራ ሰባት ቤት እሺ ብሏል። ልብስ ሰፊው ሁመድ እንኳ ሽምብራ አመጣለሁ ብሏል። እሱ እስላም ሆኖ ያላቋረጠውን እኛ ልናቋርጥ?

ዝም በይ ብለሽ ስለመከርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ምክሩን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አያትሽ ወለተሥላሴ


ልደታ፣ ግንቦት 3

ንፍሮው ላይ ዘንቦብናል። አልተበተንም ግን። ሁመድ የልብስ ስፌት መኪናውን የሚሸፍንበትን ላስቲክ አምጥቶ ከድስቱ በላይ ወጠረልን፤ እኛ ረጠብን፣ እሳቱ ግን አልጠፋም። የእድሩን ትልቁን ብረት ድስት ነው የጣድነው። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ገብስ። ምስር ፈልገን አጣን።

አምሳሉ ጥግ ላይ ቆሞ ይቆጥረናል። ጣቱ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በሳህን ጨልፌ ወሰድኩለት። ጠብመንጃውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ በላና፣ «ጨው አንሶታል፣ እማማ» አለኝ። «ጨው ያነሰው ንፍሮው አይደለም፣ ቀበሌው ነው፤ ለሊቀመንበርህ ንገርልኝ» አልኩት። አልነገረውም መሰለኝ፤ ጨው አልመጣም።

ወደ ስለቱ ልምጣ፤ የሄደ የመጣው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው፣ አንቺ ጋም ይደርስ ይሆናል። የደጃችንን ሥርዓት መቼም አትረሺውም። ተሳዩ የሚያመጣውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የሚለምነውን ግን በጆሮዬ ብቻ ነው የሚነግረኝ። ከእናቴ የተረከብኩት ነው። ስለቱ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ በእኔና በተሳዩ መካከል ይቀራል። ሲደርስ ተሳዩ ራሱ በሚቀጥለው ግንቦት ሰው መሀል ቆሞ ይናገረዋል። ከዚያ በፊት እኔ ካወራሁት፣ ስለቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የምታውቂው አፌ፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያዳርሰው አፌ፣ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ከድቶኝ አያውቅም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ታምኖልኛል።

ሁመድ ድፎ ዳቦ ተሳለ። አንዷ ሻማ፣ አንዷ ጃንጥላ። ከዚያ ሠርካዲስ ተነሣች። «የዛሬ ዓመት ያልኩትን ካደረገችልኝ፣ ሙክት አመጣለሁ» አለች።

ሙክት። የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ሰንጥቃ የምትጭር ሴት። አምሳሉ እንኳ ማኘኩን አቆመ።

ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ምን እንደሆነ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ አልጽፍልሽም። ግን ሰምቼ መጀመሪያ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ቀጥዬ ደሞ እንባዬን። ይኸው ነው። ሹራብሽን ልበሺ፣ ጎሬ ብርዱ ተንኮለኛ ነው።

አያትሽ


ልደታ፣ ግንቦት 15

ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። መስኮቱም አልተሰበረም። ይህንን መጀመሪያ ልበል፣ እንዳለፈው ንዴቱ እንዳይቀድመኝ።

ስለ ግንቦት ስምንት የጠየቅሽኝን ሬዲዮ ነግሮሻል፤ ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው። ጄኔራሎቹ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው ከሸፈ አለ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ከሰዓት በኋላ የድስቴ ክዳን ብቻውን ሲንቀጠቀጥ ነው። የቀረውን የሚያውቅ ያውራ።

ያላወራሁልሽ ሌላ ነገር አለ። አሁንም ባልነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከሌላ ሰው ብትሰሚ ይቆጭሻል። ሠርካዲስን ግንቦት አሥራ አንድ ወሰዷት። ቀበሌው ግቢ፣ ጓዳው ውስጥ ናት።

ጥፋቷ ሙክት ነው። ሀብቴ በማግስቱ ሰብስቦ አስረዳን፤ እንዲያውም ሰሌዳ ላይ ጻፈው፣ ድሮም ሰሌዳ ይወዳል። ሙከራው ሊደረግ ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አሥራ ሰባት ቤት ተጠርቶ ደጅ ተሰበሰበ። እህል በጠፋበት ጊዜ እህል ተከማቸ። በጠራራ ቀን እሳት ነደደ፤ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ለማን ነው የሚታየው? ሰባት ዓይነት እህል ነበረ፤ ሰባቱ ምንን ያመለክታል? በመጨረሻም አንዲት ድኻ ሴት ተነሥታ ያልኩት ከሆነ ሙክት አርዳለሁ አለች። ያለችው ምንድነው? በሹክሹክታ የተነገረው ለምንድነው?

ሰዉ አቀርቅሯል። አንዳንዱማ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል፤ እውነት ሊመስለው ምንም አልቀረውም፣ ንፍሮውን በልቶት እያለ። ተነሣሁ። «ሀብቴ፣ ሰባት የሆነው ምስር አጥተን ነው። ምስር ብታመጣልን ኖሮ ስምንት ይሆን ነበር፤ ያኔ ስምንቱ ምንን ሊያመለክት ነበር?» አልኩት። «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ስላመመኝ።

ሠርካዲስ ሲጠይቋት ስለት ነው ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ተሳዩም እንደኔው በሥርዓቱ የታሰረ ነው።

በየቀኑ ምሳ አደርስላታለሁ። ያንን ሰማያዊ ባለ ሁለት ድርብ ምሳ ዕቃዬን ነው የምልከው። አምሳሉ ከፍቶ ይበረብረዋል፣ እንጀራው ውስጥ ጄኔራል የተጠቀለለ ይመስል። ባዶው ሲመለስልኝ ጨርቁን አየዋለሁ። ሠርካዲስ ሁለት ጊዜ ቋጥራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሌላ ማንም እንደዚያ አያስርም። ያ ቋጠሮ ነው ደብዳቤዋ። ደህና ነኝ ይለኛል፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ነው የምፈታው።

ይህንን ፖስታ መንገድ ላይ የምትከፍተው ልጅ፣ ባለፈው ሙጫው አልያዘልህም ነበር። ደህና አድርገህ ለጥፈው፤ ልጄ ጋ ደርሶ እንዲነበብ እንጂ ዝናብ እንዲገባበት አልጻፍኩትም።

አያትሽ ወለተሥላሴ


ጎሬ፣ ግንቦት 25 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድዎት አያቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስታው በጥሩ ሁኔታ ታሽጎ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስብሰባ ነበረ። አዲስ አበባ ስላለው ቤተሰቤ ጠየቁኝ። ያሉኝ አንዲት አያት ናቸው፣ አሮጊት ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር የለም አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚያውቁት ነገር የለም በማለቴ እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

እማማ፣ እባክዎን ይንገሯቸው። ስለቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰው ሕይወት አይበልጥም። ማርያም ትረዳለች፤ ቀበሌው ግን አይረዳም። እትዬ ሠርካዲስን እወዳታለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ ግን እኔ ሌላ ዘመድ የለኝም። ነገ እርስዎን ቢወስዱ ምሳ የሚያደርስልዎት ማነው? እኔ ጎሬ ነኝ።

እንዳለች

አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት


ልደታ፣ ሰኔ 3

አይሆንም። እንዳትቀየሚኝ፣ ነገሩን ካላስረዳሁሽ አይሆንም ብቻ ብዬሽ አላልፍም።

ከታች የጻፍሽውን መፈክር አየሁት። ለእኔ ነው ወይስ ለከፋቹ? ለእኔ ከሆነ መሞቱን ለጊዜው አልፈልግም፤ ገና የሚከደን ጣራ አለኝ።

«የሚያውቁት ነገር የለም» ያልሽው ደግ አደረግሽ። ተቆጥቼ ነበር፣ አለፈልኝ።

አሁን ስሚኝ። ስለቱ የሠርካዲስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ጓዳው ድረስ ሄጄ ልናገር ወይ ብዬ እጠይቃት ነበር። ግን የሌላ ሰው ቤት አለበት። እኔ አፌን ስከፍት አንዷ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትገባለች። ከዚህ በላይ በፖስታ አይጻፍም።

ግንቦት ሠላሳ ጠሩኝ። ስሄድ ከግድግዳዬ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬቴን አውርጄ በነጠላ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሀብቴ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«ሀ ሁንም ቆሜ ነው የተማርኩት፣ ወንበር አልነበረንም። ቀጥል።»

«ሠርካዲስ በጆሮዎ ምን አለችዎት?»

«ስለቷን።»

«ስለቱ ምንድነው?»

«ሲደርስ ትሰማለህ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እሱን ማርያምን ጠይቃት። ቤቷ ሩቅ አይደለም፣ መንገድ ተሻግረህ ነው።»

ጠረጴዛውን በእጁ መታ፣ ቀስ አድርጎ፤ መምታቱንም ያፈረበት ይመስላል። «ይህ ጨዋታ አይደለም፣ እማማ። ስኳር የሌላት ሴት ሙክት ከየት ታመጣለች? የሚገዛላት ማነው? ከጀርባዋ ማን አለ?»

እዚህ ላይ ነው፣ እንዳለችዬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ያደረግሁት። ፈርቼ አይደለም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እነግርሻለሁ።

ከዚያ የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ፣ የጣት ቀለም ያለበትን ቆርቆሮ ከጎኑ አስቀመጠ። «እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉ፣ በቃ። ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ» አለኝ።

ወረቀቱን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ታውቂኛለሽ፣ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ጊዜም ይወስዳል። ማንበብ እንደምችል ረስቶት ነበር፤ ያስተማረኝ እሱ ሆኖ። «በቅርቡ ለውጥ እንደሚመጣ ሠርካዲስ ነግራኛለች» ይላል።

«ይህንን ማን አለ?» አልኩት።

«ለማለት የፈለገችው ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያው ጣትህን ቀለም ውስጥ ክተትና አንተው አሳርፍበት። እኔ ጣት አላሳርፍም፤ መጻፍ እችላለሁ» አልኩና ሰርተፊኬቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከታች የፈረመው እሱ ነው። ያኔ ፊርማው ላይ አበባ የመሰለ ነገር ያደርግ ነበር። አይቶት አይቶት፣ «ይሂዱ» አለኝ።

ሄድኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ። እስከ ትናንት።

ትናንት ምሳ ዕቃው ሙሉውን ተመለሰ። ጨርቁ እኔ እንዳሰርኩት ነው፤ አልተፈታም። «እዚህ የለችም» አለኝ አምሳሉ። የት ሄደች ስለው ጫማውን ያያል። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ምሳው ሙሉውን የተመለሰለት ቤት በማግስቱ ምሳ አይሠራም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል ያንን ሳላስብ።

ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አድርጌ ቆየሁ። የሚያስነጥስ የለም። ያን ጊዜ ያንቺ ቃል መጣብኝ፤ ከሰው ሕይወት አይበልጥም ያልሽው። ነጠላዬን ለብሼ ልነግረው እስከ በሩ ሄጃለሁ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ተመለስኩ። ለሁለቱም እኩል መፍራት እንዴት ከባድ እንደሆነ አንቺ አትወቂው።

ዛሬ ግን ምሳ ሠርቻለሁ። ሽሮ ነው። ይዤ ልወጣ ነው።

አያትሽ


ጎሬ፣ ሰኔ 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

እማማ፣

ይህንን የምልከው በቡና ጫኙ በከር እጅ ነው፤ ማንም አይከፍተውም። መልሱንም በእሱ ይላኩልኝ፣ እሑድ ይመለሳል።

ይንገሯቸው ያልኩዎትን አንስቻለሁ። ትናንት ክፍል ውስጥ ቆሜ ልጆቹን ፊደል ሳስቆጥር እርስዎ ወረቀቱን ቀስ ብለው ሲያነቡት ታየኝ፤ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ምን ማድረግ እንዳለብዎት እኔ አላውቅም። ምሳውን ግን እንዳያቋርጡ። ቢመልሱትም ይውሰዱ።

ከታች ምንም አልጽፍም።

እንዳለች


ልደታ፣ ሰኔ 14

አላቋረጥኩም። ሳትነግሪኝም አላቋረጥኩም፤ ስትነግሪኝ ግን ጉልበቴ ትንሽ ተሻለው።

በከር ቤት ድረስ መጥቶ ማር ሰጠኝ። ነገ ሲነጋ ነው የሚነሣው። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የሚያልፈው በሱ ኪስ ብቻ ስለሆነ፣ የዘጋሁትን ሁሉ ልከፍተው ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለከፈቱት እኔ የሰበርኩት ነገር የለም።

ስለቱ የትርፌ ነው። የሀብቴ ሚስት የትርፌ፤ የሊቀመንበሩ።

ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልወለዱም። የፓርቲ ሰው ሚስት ደሞ ልደታ ደጅ ቆማ ማርያምን ልጅ ስጪኝ ብትል፣ በማግስቱ ባሏ ተጠርቶ ሂስ ይደረግበታል። ስለዚህ ሠርካዲስን ለመነቻት፣ አንቺ ተሳይልኝ፣ ሙክቱን እኔ አመጣለሁ ብላ። በጆሮዬ የሰማሁት ይህንን ነው። የሳቅኩት፣ አምሳሉ በዚያ ጥግ ቆሞ የጠላት ወሬ ሲለቅም፣ የጌታውን ሚስት ስለት እየጠበቀ መሆኑ ገርሞኝ ነው። ያለቀስኩበትን ምክንያት አንቺም ታውቂዋለሽ። እናትሽን ያገኘሁት በስለት ነው።

ሀብቴ «ከጀርባዋ ማን አለ» ሲለኝ አፌን የያዝኩትም ለዚሁ ነው። ሰውዬው የሴራውን ራስ ፍለጋ ሰሌዳ ሙሉ ሲጽፍ ይውላል፤ ከዚያ ቤቱ ሄዶ አብሯት ራቱን ይበላል።

ምሳው ሙሉውን ከተመለሰ በኋላ በስድስተኛው ቀን ትርፌ መጣችብኝ፤ ልደታ ቅጽር ጥግ፣ ከሴቶቹ በር በኩል። ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍናዋለች። ሠርካዲስን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው አዛውረዋታል አለችኝ። ሀብቴ ሪፖርት ጽፎ ልኳል፤ ስለቱ ምልክት ነው፣ ከጀርባው ባለገንዘብ አለ ብሎ። «እማማ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«እኔ አድርጊ አልልሽም፣ አታድርጊም አልልሽም። ስለቱ ያንቺ ነው፤ የመናገርም የመተውም ሥልጣኑ ያንቺ ነው። ያቺ ሴት ግን ቃልሽን ይዛልሽ ታስራለች። ይህንን ብቻ እወቂ» አልኳት።

ነጠላዋን ስባ ሄደች። ልከተላት ፈልጌ ነበር። አልተከተልኳትም።

በማግስቱ፣ ሰኔ ዘጠኝ፣ አምሳሉ ሊጠራኝ መጣ። ሀብቴ እሱን አስወጥቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ያ ሰሌዳ ተጠርጓል፤ ሰባት እህል የሚለው ግን ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም፤ እንግዲህ አስቢው።

«ያውቁ ነበር» አለኝ በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ንፍሮው ሳይበርድ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። ስለቱ ለዝናብ ነበረ ብለው ይጻፉ፣ ከፍተኛው እሱን ካየ ይለቃታል አለኝ። ድምፁ ያ የስብሰባው ድምፅ አይደለም፤ የልጁ የሀብቴ ነው።

«ስለት ላይ አልዋሽም» አልኩት። «እውነቱን እጽፍልሃለሁ።»

ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ያን ቀን ወንበሩን እሺ አልኩ። አንድ መስመር ነው። «ስለቱ ምን እንደሆነ ጓድ ሊቀመንበሩ በደንብ ያውቃሉ» ብዬ ስሜን ከታች አሰፈርኩ። ሲያነበው የሱም ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ይህ ወረቀት ከፍተኛ ከሄደ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ይጠይቁሃ። እኔን ጠይቀህ የለም? ሠርካዲስን ጠይቀህ የለም? መጠየቅ ከሞት አይቆጠርም።»

«እማማ፣ ምን እንዳደርግ ነው የሚፈልጉት?»

«ሪፖርቱን የጻፍከው አንተ ነህ። ተሳስቻለሁ ብለህ ጻፍ። ያንን ሁሉ ፊደል ለእኔ ያስቆጠርክ ሰው፣ ለዚህች ለአንዷ ቃል ፊደል ያጥርሃል?»

ጻፈ። አስነበበኝም። «ጉዳዩ እንደገና ሲጣራ ተራ የሰፈር ልማድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ቀደም ሲል የላክሁት ሪፖርት ስሕተት ነው» ይላል። ስሕተት የምትለዋን ሲጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። ማኅተሙን መታበት። የእኔን ወረቀት እንዲቀደው ጠበቅኩ፤ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ልወጣ ስል፣ «እማማ» አለኝ። ዞር አልኩ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጓል። «አሁን እኔ ስለሰማሁት… ስለቱ ተሰብሯል?»

ልጄ፣ ስንት ቀን ሙሉ ለዚህ ሰው ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ባልና ሚስት አንድ አይደላችሁ? ከእሷ ሰማህ እንጂ ከእኔ አልሰማህ። አልተሰበረም» አልኩት።

«በዚህ ጊዜ ሙክት ከየት ይገኛል?» አለኝ።

«እንደኛው ሰልፍ ያዝ» አልኩት።

እንግዲህ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ደብዳቤው ተልኳል ይላሉ። ሠርካዲስ ግን አልመጣችም። ትናንት ከፍተኛው ድረስ ሄጄ ነበር፣ በሩ ላይ ያለው ወታደር ከስም ዝርዝሩ ውስጥ አጥቷታል። ሰልፉ ላይ አሁን ሌላ ወሬ ነው ያለው፤ ሠርካዲስ የጄኔራል ዘመድ ናት ይላሉ። ያቺ የክብሪት ሰንጣቂ። እዚያው ቆሜ የአባቷንም የአያቷንም ስም ጠራሁላቸውና፣ ጄኔራሉ የቱ ጋ እንደሚገባ አሳዩኝ አልኳቸው። በሚመጣው ግንቦትም ንፍሮው ይቀቀላል፣ ምስሩም ከተገኘ ስምንት ይሆናል፣ የፈራ ቤቱ ይቀመጥ አልኳቸው። ሁመድ ከሱቁ ብቅ ብሎ ሽምብራው የእኔ ነው አለ። አንድ ሁለት ሰው ተከተለ። ሁሉም አይደለም። ግን አንድ ሁለት ሰው።

ምሳ ዕቃዬም የለችም። በቀደም አምሳሉ ማንም ሳያየው ተቀብሎኝ፣ «ከፍተኛው ጋ ወንድሜ ዘብ ነው፣ እሞክራለሁ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። አሁን በላስቲክ ነው የምልከው። ሙሉውን ስላልተመለሰ ተመስገን እላለሁ፤ ባዶዋንም ስላላየሁ እንቅልፍ የለኝም። ሠርካዲስ ከወጣች መጀመሪያ የምጠይቃት እሷን ነው፣ የምሳ ዕቃዬን ነገር፣ እንዳላለቅስባት።

ትርፌን ደሞ ዛሬ ጠዋት አየኋት። አላናገረችኝም፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ብቻ አለፈች፣ በጠራራ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት። ስለ እሷ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ብዙ ወር አለን እስከ ግንቦት። አንቺም ፈቃድ ጠይቂና ለዚያን ቀን ነዪ፤ ሙክቱን ማን እየጎተተ እንደሚመጣ አብረን

ቆይ፣ በር ይንኳኳል። አምሳሉ ነው እንዳልል፣ አምሳሉ ይገፋል እንጂ አያንኳኳም። በከርም ነገ ነው ያለኝ።

«ጎረቤት፣ ምሳ ዕቃዎን ይቀበሉኝ፤ ክዳኑን ጠፍጥፈውብዎታል» ትላለች። አሁን ደሞ አስነጠሳት።

ይማርሽ አልኳት ከዚሁ ሆኜ። መጣሁ።